እንጀራን የያዘ ድምፅን አይያዝ፦ በማኅበራት ለምትተዳደር ልብ ወለድ አገር መንግሥት ሲነደፍ

የአንዲት ወጣት ደራሲ ጥያቄ ነው።

«ጋሼ፣ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚሆንባት አገር ወንፈላ ትባላለች። ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ፣ አራት ሸለቆና አንድ የወደብ ከተማ አላት። የግል ኩባንያ የሚባል የለም። እርሻው፣ ፋብሪካው፣ አውቶቡሱ፣ ሱቁ፣ ሁሉም በኅብረት ሥራ ማኅበራት እጅ ነው። መንግሥቱን ግን እንዴት ላድርገው? ፓርላማውን ማኅበራቱ ቢመርጡት አይበቃም? ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዳይውጡ ምን ላድርግ? ፕሬዚዳንት ያስፈልጋታል? መሪዋንስ ምን ብዬ ልጥራው? አንባቢ ‹ይህማ ተረት ነው› እንዳይለኝ ፈርቻለሁ።»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። በማኅበራት ማደራጀትና ኦዲት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ትርፍ ክፍፍል ወይም ስለ ማዳበሪያ ነው። አገር ልሥራበት ብሎ የመጣ አልነበረም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ዋናውን ቀድሜ ልንገርሽ። ፓርላማውን ማኅበራቱ ብቻ ከመረጡት ወንፈላን የሚያፈርሳት እሱ ነው። የሰውን እንጀራ የያዘ አካል የዚያኑ ሰው ድምፅ ከያዘ፣ ሰውየው አባል ሆኖ ይቀራል እንጂ ዜጋ አይሆንም።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያገኘሁት። አንድ ጊዜ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ለማየት ወደ ገጠር ሄጄ ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ለብዙ ዓመት ያልተለወጠ ሰው ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ በኪሱ ነው። የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ የሚስቱ ወንድም ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ የቀበሌ ምክር ቤት አባልም ነበር። ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሒሳቡ ሲነበብ ጉድለቱ ለማንም ግልጽ ነበር። ጥያቄ ካለ ተባለ። አንድም እጅ አልወጣም። ስብሰባው ሲበተን አንዲት እናት መኪናው ድረስ ተከትለውኝ መጡ። «ልጄ፣ ማዳበሪያውን የሚሰጠኝ እሱ፣ ነዋሪ ነች ብሎ የሚጽፍልኝ እሱ፣ ታዲያ ምን ብዬ ልናገር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ወንፈላን ስትነድፊ እኚህን እናት ፊትሽ አስቀምጫቸው። በጉባኤ መሀል ተነሥተው ሊናገሩባት የሚችሉ አገር ከሠራሽ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።

ማኅበር ምን እንደሆነ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ ይሸጡ ነበር። እስከ ዛሬ ስማቸው የሚነሣው በሸቀጡ ሳይሆን በደንባቸው ነው። ያዋጣው ገንዘብ ቢበዛም ቢያንስም አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ትርፉ የሚከፋፈለው ደግሞ ከሱቁ በገዙት ልክ ነው። የእኛም ማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ ዛሬም እዚያ ላይ የቆመ ነው።

ልብ በዪ፤ ይህ ሁሉ የሚሠራው የማኅበሩ በር በሁለቱም በኩል ስለሚከፈት ነው። የፈለገ ይገባል፣ ያልተመቸው ይወጣል። ወደ አገር ግን የምንገባው ተወልደን ነው። መንግሥት ያስራል፣ ግብር ያስከፍላል፣ ለጦርነት ይመለምላል። ማኅበር እነዚህን ሦስቱን ማድረግ አይችልም። ስለማይችልም ነው ሰው የሚወደው።

ሲቀላቀሉ ምን እንደሚመጣ እኛ አገር ታይቷል። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ። አንዱ ማኅበር ቢያንስ 20 ጋሻ፣ ማለት 800 ሄክታር ያህል መሬት ይይዝ ነበር። መጀመሪያ ሥራቸው መሬት ማከፋፈል ነበር። ለብዙ ጭሰኛ እውነተኛ ነፃነት ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። እያደር ግን ያው ማኅበር ግብር ሰብሳቢ ሆነ። ፍርድ ሸንጎም ነበረው። የውትድርና ምልመላ ሲመጣ ልጅ የሚቆጥረው እሱ ነበር። ከዚያ የአምራቾች ማኅበራት መጡ፤ ማልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ እየተባለ በደረጃ። በማልባ መሬቱ የጋራ ሆኖ በሬው የራስህ ነው። በወልባ በሬውም የጋራ ይሆናል። ወላንድ የበርካቶች ጥምር ነው። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ነድቶ፣ መሬቱን ተከፋፍሎ ቤቱ ገባ። የተኮሰ የለም። መውጣት እንደሚቻል በሰማ ጊዜ ወጣ፣ በቃ።

እዚያው ቀበሌ ውስጥ ያልፈረሰውን ደግሞ እዪ። እድሩ አልፈረሰም። ደቦው አልፈረሰም። የአገርሽን ስም የወሰድሽበት ወንፈልም አልፈረሰም። ሰው መተባበር አልጠላም ነበር። የጠላው የሚያስር ማኅበር ነው። ዛሬም አንዳንድ ሽማግሌዎች «ኅብረት ሥራ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁረው ለዚህ ነው። በልብ ወለድሽ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ አያት ቢኖር ጥሩ ነው።

ሌላው ልታውቂው የሚገባ ሙከራ ዩጎዝላቪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ፋብሪካዎችን በሠራተኞች ምክር ቤት እንዲተዳደሩ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። በፋብሪካ ደረጃ ብዙ ቁም ነገር ተሠርቶበታል። ሠራተኛው ስለ ደመወዝም ስለ ቤት መሥሪያም ተከራክሮ ይወስን ነበር። በ1974 ግን ሐሳቡን ወደ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ወሰዱት። አዲሱ ሕገ መንግሥት 406 አንቀጾች ነበሩት። ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ልዑካን ይመርጣል። ልዑካኑ ወደ ወረዳ ምክር ቤት ይልካሉ። ከዚያ ወደ ሪፐብሊኩ፣ ከዚያ ወደ ፌዴሬሽኑ። በወረቀት ላይ ያምራል። መሰላሉ ሲረዝም ግን ላይ የተቀመጠውን ሰው ማን እንደላከው የሚያውቅ ጠፋ። ልጄን ትምህርት ቤት የከለከላት ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ዜጋ በር ላይ ሊያንኳኳ የሚችለው ሰው የለውም። ክፍተቱን የሞላው አንዱ ፓርቲ ነው። ዩጎዝላቪያን ያፈረሳት ይህ ብቻ ነው አልልም፤ ዕዳም ብሔርተኝነትም ነበር። ይህ ግን አላዳናትም።

በተቃራኒው ጫፍ ጣልያን አለች። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1939 የቀድሞውን የተወካዮች ምክር ቤት አስወግዶ በሙያና በሥራ ዘርፍ የተዋቀረ ምክር ቤት አቆመ። ቅርጹን ብቻ ካየሽ አንቺ ካሰብሽው ጋር ይመሳሰላል፤ ገበሬ በገበሬነቱ፣ ባለ ፋብሪካ በባለ ፋብሪካነቱ ይወከላል። ሰው እንደ ሰው የሚቆጠርበት ቦታ ግን አልነበረም። ስለዚህ በሥራ መወከል ብቻውን ለዴሞክራሲም ለአምባገነንም ይመቻል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለወንፈላ ሁለት ምክር ቤት ስጫት። የመጀመሪያው የዜጎች ምክር ቤት ነው። ሰው የሚመርጠው በሚኖርበት ቦታ ነው፤ አባል ይሁን አይሁን፣ ሥራ ይኑረው አይኑረው። መንግሥት የሚያቆመውና የሚያወርደው፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ እስር፣ ስለ ግብርና ስለ መብት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ይህ ቤት ብቻ ይሁን። ሁለተኛው የማኅበራት ምክር ቤት ነው። ሥራው ሌላ ነው። የማኅበራትን ሕግ ያረቅቃል። የዋጋ፣ የውኃና የወደብ ጉዳይ ላይ አስተያየት ይሰጣል። ያልተስማማበትን ሕግ ወደ ዜጎች ቤት ይመልሳል። መግደል ግን አይችልም።

ይህ ፈጠራ አይደለም። ስሎቬንያ ዛሬ እንዲህ ያለ ምክር ቤት አላት። 40 አባላት አሉት። 22ቱ የአካባቢ ተወካዮች ናቸው። አራት ለአሠሪዎች፣ አራት ለሠራተኞች፣ አራት ለገበሬዎች፣ ለዕደ ጥበብና ለግል ባለሙያዎች፣ ስድስት ደግሞ እንደ ትምህርትና ጤና ላሉ ዘርፎች። ሕግ መልሶ ሊልክ ይችላል። ሲመለስ ግን በተገኙት አባላት ብልጫ ማለፉ አይበቃም፤ ከጠቅላላው የፓርላማ አባላት ከግማሽ በላይ መደገፍ አለበት። ልከኛ ሥልጣን ነው፤ አስብ፣ ደግመህ እይ የሚል። የዩጎዝላቪያን ሙከራ በውስጧ ሆና ያየች አገር ይህን መምረጧ ይገርመኛል፣ ያስደስተኛልም።

የጀርመኗ ባቫሪያም ሴኔት ነበራት። ከ60 ወንበሮቹ አምስቱ በቀጥታ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩ። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1998 ድምፅ ሰጥቶ እንዲፈርስ ወሰነ። ምክር ብቻ የሚሰጥ ቤት ወጪው ሲታይ ሰው ይሰለቸዋል። ከአየርላንድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በሴኔቷ ካሉት 60 ወንበሮች 43ቱ በአምስት የሙያ ዘርፎች የተከፈሉ ናቸው፤ እርሻ፣ ጉልበት፣ ባህልና ትምህርት እየተባለ። መራጮቹ ግን ገበሬዎችና መምህራን አይደሉም። የአካባቢ ምክር ቤት አባላትና የፓርላማ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ወንበሩ የገበሬ ተብሎ የሚቀመጥበት ፖለቲከኛ ይሆናል። በወንፈላ የማኅበራቱን ምክር ቤት ተራው አባል በምስጢር ድምፅ ይምረጥ። ሊቀመንበሮቹ ተሰብስበው አይምረጡት።

ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዳይውጡ ወዳልሽው እንምጣ፤ ሒሳብ አለው። አንድ ማኅበር አንድ ወንበር ካልሽ፣ 12 አባላት ያሉት የፀጉር አስተካካዮች ማኅበርና 10,000 አባላት ያሉት የወደብ ማኅበር እኩል ይሆናሉ። በማግስቱ የወደቡ ማኅበር በወረቀት ላይ ራሱን መቶ ቦታ ይቆራርጣል። በአባላት ብዛት ይሁን ካልሽ ደግሞ ወደቡና እርሻው ተስማምተው ሌላውን ሁሉ ያንቀጠቅጡታል።

ሊዮኔል ፔንሮዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1946 ስለ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲያስብ ያቀረበው መፍትሔ አለ። ድምፁ በሕዝብ ብዛት ሳይሆን በብዛቱ ስኩዌር ሩት ይሁን አለ። 10,000 አባላት ያሉት ማኅበር 100 ነጥብ ያገኛል። 100 አባላት ያሉት 10 ነጥብ። በሰው መቶ እጥፍ የሚበልጠው በድምፅ አሥር እጥፍ ብቻ ይበልጣል። ትልቁ ትልቅነቱን አያጣም፣ ትንሹም አይዋጥም።

ግን ቀዳዳ አለው፤ ደራሲ ሆነሽ ልታውቂው ይገባል። ያው 10,000 ሰው ለመቶ ማኅበራት ቢከፈል እያንዳንዱ 10 ነጥብ ይዞ ድምሩ 1,000 ይሆናል። ከ100 ወደ 1,000! ብልጥ ሊቀመንበር ይህን በአንድ ሌሊት ያገኘዋል። ስለዚህ ነጥቡን ለማኅበር ሳይሆን ለዘርፍ ስጪ። የእህል ዘርፍ፣ የወደብና የትራንስፖርት ዘርፍ፣ የጥገናና የአገልግሎት ዘርፍ፣ እያልሽ ስምንት ወይም ዘጠኝ አድርጊያቸው። ዘርፉ በሕግ ለአሥር ዓመት ይጽና። አንድ ማኅበር ቢቆራረጥም በዘርፉ ውስጥ ያለው የሰው ብዛት አይለወጥም። ከአንድ ማኅበር የሚመጣ ተወካይም ከዘርፉ ወንበር አንድ ሦስተኛ አይለፍ።

አንድ ሕግ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። የማኅበር ሊቀመንበር ወይም ሥራ አስኪያጅ የዜጎች ምክር ቤት አባል መሆን አይችልም። ከሥልጣኑ ከወረደ በኋላም ሁለት ዓመት ይጠብቅ። ጥሩ ሰዎች እንደሚቀሩብሽ አውቃለሁ። ይቅሩ። እኚያ እናት እጃቸውን ማውጣት የሚችሉት ማዳበሪያ የሚያድለውና ወረቀት የሚጽፈው ሰው የተለያየ ሲሆን ነው።

አሁን ብዙ ደራሲ ወደሚዘለው ጉዳይ ልግባ። በማኅበራት አገር ውስጥ አባል ያልሆነው ሰው ማን ነው? ሕፃኑ፣ የታመመው፣ ቤት ውስጥ እናቷን የምታስታምመው ልጅ፣ ገና ከድንበር ማዶ የመጣው የቀን ሠራተኛ። እነዚህን ካላየሻቸው ወንፈላ የአባላት ክበብ እንጂ ሪፐብሊክ አይደለችም።

ትልቁን ማስተማሪያ የምናገኘው ከሞንድራጎን ነው። በስፔን ባስክ ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። ሆሴ ማሪያ አሪዝሜንዲያሪዬታ የሚባሉ ወጣት ቄስ እ.ኤ.አ. በ1941 እዚያ ተመደቡ። ከጦርነት የወጣች ድሃ ከተማ ነበረች። በ1943 የሙያ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከተማሪዎቻቸው አምስቱ በ1956 ኡልጎር የተባለ ትንሽ ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ስሙ የአምስቱ የአባት ስም መነሻ ፊደላት ነው። የነጭ ጋዝ ምድጃ ይሠሩ ነበር። ከዚያች ትንሽ ሥራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያለው፣ በከተማዋ ስም ሞንድራጎን የሚባል የማኅበራት ስብስብ አደገ። ትልቁና ትንሹ ደመወዝ እጅግ እንዳይራራቅ በደንብ ተገደበ። የዓለም ኩባንያዎች ካላቸው ልዩነት ጋር ሲነጻጸር እስከ ዛሬ ትንሽ ነው።

ግን ማኅበራቱ ወደ ውጭ አገር ሲስፋፉ እዚያ የተቀጠሩት ሠራተኞች በአብዛኛው አባል አልሆኑም። ተቀጣሪ ሆኑ። ለባስኩ ሠራተኛ ማኅበር የሆነው ለሌላው አገር ሠራተኛ ተራ ኩባንያ ነው። ይህ ክፋት አይደለም። ማኅበር ሲያድግ ባለቤትነትን ለጥቂቶች አቆይቶ ቅጥረኛ የመጨመር ፈተና በየአገሩ አለ። የእኛም የእርሻ ማኅበራት በምርት መሰብሰቢያ ጊዜ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ያ የቀን ሠራተኛ በጠቅላላ ጉባኤ ቀን የት ነው? ከአዳራሹ ውጭ ጆንያ እየተሸከመ ነው።

የወንፈላ ሕገ መንግሥት እንዲህ ይበል፦ አንድ ዓመት የሠራ ሰው የአባልነት ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ማኅበሩ እምቢ ካለ ምክንያቱን በፍርድ ቤት ያስረዳል። የመግቢያ ገንዘቡ ከደመወዙ ቀስ በቀስ ይቆረጥ። አለዚያ ድሃው በሩ ላይ ይቀራል። ጤና፣ ትምህርትና ጡረታ ደግሞ በማኅበር በኩል አይምጡ። በመንግሥት በኩል ይምጡ። ሞንድራጎን የራሱን የማኅበራዊ ዋስትና ያቋቋመው የስፔን ሕግ አባላቱን እንደ ግል ሠራተኛ ቆጥሮ ከመንግሥት ዋስትና ስላወጣቸው ነው። ጥሩ መላ ነበር፤ ተገድደው ያመጡት መላ ነው። አንቺ ግን አገሩን ከባዶ ነው የምትሠሪው። ሐኪም ቤት ለመግባት የማኅበር ደብተር የሚያስፈልግባት አገር አትሥሪ።

ከአባልነት መባረርንም አስቢበት። በእኛ አገር ከማኅበር የተባረረ ሰው ሌላ ቦታ ይሠራል። በወንፈላ ግን ሌላ ቦታ የለም። ስለዚህ መባረር እዚያ እንደ እስር ከባድ ቅጣት ነው። ሽምግልና ይቅደም፣ ጥሩ ነው። የመጨረሻው ቃል ግን የመደበኛ ፍርድ ቤት ይሁን።

ሥራ ማቆምስ? ባለቤቱ ራሱ ሠራተኛው ነው፤ በማን ላይ ያምፃል? ጥያቄው በኡልጎር እ.ኤ.አ. በ1974 መጣ። የሥራ ደረጃ ምዘና ቅሬታ አስነሥቶ ሠራተኛው ሥራ አቆመ። መሪዎቹ ተባረሩ። ከዓመታት በኋላ ነው እንዲመለሱ የተፈቀደው። ማኅበሩም ድርጅቱ ሲተልቅ አባል ከአመራሩ እየራቀ እንደሚሄድ ተረዳ። በእስራኤል ደግሞ ሂስታድሩት የሚባለው የሠራተኞች ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1920 የተመሠረተው፣ ለረጅም ጊዜ ራሱ ትልልቅ ድርጅቶች ነበሩት። የሠራተኛ ተከራካሪም አሠሪም በአንድ ራስ። ስለዚህ ወንፈላ ከማኅበራቱ ውጭ የቆመ የሠራተኞች ማኅበር ይኑራት። «ባለቤት ሆኜ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ገጸ ባሕርይ ይኖርሻል። በታሪኩ መሀል ያስፈልግሻል።

አሁን ስለ ባንኩ። የወንፈላ እውነተኛ መንግሥት ያለው እዚያ ነው። ሞንድራጎን እ.ኤ.አ. በ1959 የራሱን ባንክ ባይከፍት ኖሮ ዛሬ ስሙን አናነሣም ነበር። ቄሱ ሰው ቆጥቦ ለራሱ ሥራ ያበድር ብለው ጎተጎቱ። ባንኩ ገንዘብ ብቻ አልሰጠም። አዲስ ማኅበር ሲመሠረት ያጠናል፣ ባለሙያ ይልካል፣ የታመመውን ያክማል። ያ ማለት የትኛው ማኅበር እንደሚወለድና የትኛው እንደሚሞት በአብዛኛው ይወስናል። የግል ባለሀብት በሌለበት አገር ይህ ሥልጣን እጥፍ ይሆናል። ብድር የተከለከለ ሰው ሌላ በር የለውም።

ስለዚህ ባንክ አንድ አይሁን። ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ የራሳቸው አስቀማጮች ያሏቸው። ቦርዳቸው ላይ ከመቀመጫው አንድ ሦስተኛ በዕጣ ይሞላ። ዕጣ ስልሽ የማኅበሩን ድርሻ ማለቴ አይደለም፤ እንደ እቁብ የሚወጣውን ነው። የጥንት አቴናውያን 500 አባላት ያሉትን ምክር ቤታቸውን በዕጣ ይመርጡ ነበር፤ ከአሥሩ ነገድ ሃምሳ ሃምሳ። አንድ ሰው በሕይወቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይገባም። ባለሥልጣን ሥራውን ሲጨርስ ሒሳቡን አስረክቦ ይመረመራል። እኛ ሰዎች ዕጣን እናምነዋለን። እቁብ ላይ ለዕጣ ጉቦ የሚሰጥ የለም። ቦርዱ ላይ በዕጣ የተቀመጠች የዳቦ ጋጋሪ ማኅበር አባል የብድር ወረቀት መቶ በመቶ ላይገባት ይችላል። ለዚህ ባለሙያዎቹ አሉ። እሷ የተቀመጠችው «ለምን ለዚያኛው ሰጣችሁ?» ብላ ለመጠየቅ ነው።

ኦዲተሩም እንዲሁ ከሚመረመረው ማኅበር ኪስ የሚከፈለው አይሁን። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1889 ባወጡት ሕግ እያንዳንዱ ኅብረት ሥራ ማኅበር በግዴታ እንዲመረመር ወሰኑ። ማኅበራቱ እንዲህ ዘመን የተሻገሩት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። እኔ ከሙያዬ ብዬ የማዳላ አይምሰልሽ። በጎ ሰው የሚመራው ማኅበርም ቢሆን መርማሪ ከሌለው በጎነቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ትልቅ ማኅበር ሲከስርስ? ይህን በታሪክሽ ውስጥ አትሽሺው። ፋጎር፣ ያ የኡልጎር ልጅ፣ ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ እየሠራ በስፔን ታዋቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰረ። እህት ማኅበራቱ ለተወሰነ ጊዜ ገንዘብ ጨምረውለት ነበር፤ በመጨረሻ ግን በቃ አሉ። ያን ቀን አባላቱ ሥራቸውን ብቻ አይደለም ያጡት። ያስቀመጡትን ገንዘብም ጭምር ነው። ብዙዎቹ ወደ ሌሎች እህት ማኅበራት ተዛወሩ፣ ሌሎች ቀደም ብለው ጡረታ ወጡ። አሳዛኝ ነበር። ግን ተራ ኩባንያ ቢከስር ኖሮ ሠራተኛው መንገድ ላይ ነበር። ለወንፈላ ጣልያኖች ያደረጉትን ውሰጂላት። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ማኅበራት ከትርፋቸው 3 በመቶ ለአዳዲስ ማኅበራት ማቋቋሚያና ማስፋፊያ ፈንድ ያስገባሉ። በወንፈላ ይህ ፈንድ ከከሰረው ማኅበር የወጡትንም ይደግፍ። ማኅበሩን ግን አያድን፤ ሰዎቹን ያድን።

መውጣትንም ፍቀጂ። ኦሮናና ኡልማ የተባሉ ሁለት ትልልቅ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2022 በአባሎቻቸው ድምፅ ከሞንድራጎን ወጡ። ትልቅ ድንጋጤ ነበር። ወንፈላ ውስጥ የወደቡ ማኅበር አንድ ቀን «በቃን፣ ከጋራ ፈንዱ እንወጣለን» ቢልስ? ከፈንዱ መውጣት ይችላል እንበል። ወደቡን ይዞ ግን አይወጣም። መሬቱ፣ ውኃውና የባሕር በሩ የዜጎች ሁሉ ናቸው፤ ማኅበሩ ተከራይ ነው። ይህ አንቀጽ ገና ከመጀመሪያው ካልተጻፈ ልብ ወለድሽ በሦስተኛው ምዕራፍ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ይሄዳል። ምናልባት እንዲሄድ ትፈልጊ ይሆናል። ከፈለግሽ አንቀጹን ተዪውና ማን እንደረሳው ጻፊ።

ፕሬዚዳንት አያስፈልጋትም። ስዊዘርላንድ ሰባት ሰዎች ያሉት የፌዴራል ምክር ቤት አላት፤ ፕሬዚዳንትነቱ በየዓመቱ በተራ ይዞራል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርሽ። አገሪቱ በጀርመንኛ ስሟ አይድገኖሰንሻፍት ነው፤ የመሐላ ማኅበር እንደ ማለት ነው። የስሙ ሁለተኛ ክፍል፣ ገኖሰንሻፍት፣ ዛሬ ጀርመኖች ኅብረት ሥራ ማኅበርን የሚጠሩበት ቃል ነው። ስለዚህ ለወንፈላም ሰባት ሰው ይበቃል። የዜጎች ምክር ቤት ይምረጣቸው። ከሰባቱ ማንም የማኅበር አመራር አይሁን።

መሪዋን ምን ልበለው ላልሽው፣ መጀመሪያ የመጣልኝ «ዳኛ» ነበር። በእድርና በእቁብ ሰብሳቢውን ዳኛ እንለዋለን፤ ቃሉ ከሕዝቡ የወጣ ነው። ወንፈላ ግን ፍርድ ቤት አላት፣ አንባቢ ይምታታበታል። «ሰብሳቢ» በዪው። የስብሰባ ቃል ነው፤ ማንንም አያስፈራም። ተራው በየዓመቱ መስከረም 1 ይለወጥ። አዲሱ ሰብሳቢ የሚረከበው የመጀመሪያ ነገር ዘውድም ሰይፍም ሳይሆን የቀድሞው ሰብሳቢ የተመረመረ ሒሳብ ይሁን፤ በሕዝብ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። እኚያ እናትም አዳራሹ ውስጥ ይኑሩ። የጠቅላላ ጉባኤውን ትዕይንት ስትጨርሺ ረቂቁን ላኪልኝ፤ ቃለ ጉባኤው እንዴት እንደሚያዝ አብረን እናየዋለን።